በሁለት ወንዞች መካከል ውሃ የሚቸግረው ሥራ፦ የካርቱም መኪና እጥበት

በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ በካርቱም ሲጀመር፣ ለኢድ አል-ፈጥር በዓል የቀረው ስድስት ቀን ነበር። ለመኪና አጣቢዎች ይህ ሳምንት እንደሌላው ሳምንት አይደለም። ዘመድ ለመጠየቅ ከከተማ የሚወጣውም ሆነ ቤተሰቡን ይዞ በናይል ጎዳና ሊንሸራሸር የሚያስበው፣ በዓሉን በአቧራማ መኪና መቀበል አይሻም። የእጥበት ቤት ባለቤት ሳሙናውን አስቀድሞ ገዝቶ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚጠብቀው ገበያ ነው። በዚያ ዓመት ግን ገበያው አልመጣም፤ ብዙዎቹ መኪኖችም ለባለቤቶቻቸው አልተመለሱም።

በአዲስ አበባ ላቫጆ የሚባለው ቤት በካርቱም መግሰላ ይባላል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጨርቅና ጉልበት። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙባት ከተማ ደግሞ ውሃ ችግር ይሆናል ብሎ የሚገምት አይኖርም። ይሁን እንጂ ወንዙ አጠገብ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ውሃ በግፊት ከቱቦ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በመካከላቸው የማጣሪያ ጣቢያ፣ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ኃይል አሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲቋረጥ መግሰላው ይዘጋል።

የወንዙን ውሃ በቀጥታ መጠቀምም የራሱ ጣጣ አለው። በክረምት ጥቁር አባይ ሲሞላ፣ ሱዳናውያን ደሚራ በሚሉት ወቅት፣ ውሃው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ያመጣውን ደለል ይዞ ይወርዳል። በዚህ ውሃ የታጠበ መኪና ሲደርቅ ቡናማ ቅባት የተቀባ ይመስላል። የጉድጓድ ውሃ በበኩሉ ማዕድን ከበዛበት በመስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ስለዚህ አጣቢው የመጨረሻውን ማለቅለቂያ የሚሆን የተሻለ ውሃ በበርሜል ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።

የካርቱም አጣቢ እውነተኛ ደንበኛ አቧራው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሀቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት እንደ ግድግዳ ቆሞ ከተማዋን ይውጣል። በማግስቱ ወረፋ ይኖራል። ከሰዓታት በፊት መኪናውን አሳጥቦ የሄደው ሰው ግን ፊቱን አጨፍግጎ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ በነጻ ያጥብለት ወይስ ገንዘብ ይጠይቀው የሚለው በየትኛውም የዋጋ ሰሌዳ ላይ የማይጻፍ ጥያቄ ነው። ቋሚ ደንበኛን በግማሽ ዋጋ ማስተናገድ ከኪሳራ ይልቅ ብልሃት ይመስለኛል።

አቧራው በሌላም መንገድ ይፈትናል። ደቃቅ አሸዋ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ ስሌቱ ይመጣል። ተከፍቶ የተተወ የጎማ ቱቦ ለአንድ መኪና ከ200 ሊትር በላይ ውሃ በቀላሉ ይጨርሳል። የግፊት ማሽን በጥንቃቄ ከተያዘ 100 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። በባልዲ የሚያጥብ ልጅ በ20 ወይም በ30 ሊትር ይጨርሳል። ውሃው በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ሰፈር፣ 200 ሊትር የሚይዘው አንድ በርሜል ለግፊት ማሽኑ የሁለት መኪና፣ ለባልዲው ከሰባት ገደማ እስከ አሥር መኪና ዕድሜ አለው። ባልዲው ውሃ ይቆጥባል፤ ቀለሙን ግን አይምርም። ባልዲው ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ አሸዋው ተመልሶ መኪናው ላይ ይወጣል።

ሙቀቱም ሰዓትን ይወስናል። ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ቀን የሞተሩ መሸፈኛ ላይ የፈሰሰ ሳሙና ሳይለቀለቅ ይደርቃል። ስለዚህ ደህናው ሥራ ማለዳና ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከፍጥር በኋላ ወደ ምሽት ይሸጋገራል። ጥላ የሌለው መግሰላ ቀትር ላይ ሠራተኛውን አስቀምጦ ኪራይ ይከፍላል።

ከደንበኛ ጋር የሚነሱት ጠቦች በየአገሩ ይመሳሰላሉ። ሞተሩ ከታጠበ በኋላ መኪናው አልነሳ ይላል፤ ከመቀመጫ ሥር ገንዘብ ጠፋ ይባላል፤ ጭረቱ ቀድሞ ነበር፣ አልነበረም ይባላል። ልምድ ያለው ባለቤት ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት መኪናውን ከባለንብረቱ ጋር ዞሮ ያየዋል፤ ሞተር የሚያጥበውም በግልጽ ሲጠየቅ ብቻ ነው፣ ያውም የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን በላስቲክ ሸፍኖ።

ዋጋ መተመን ሌላው ራስ ምታት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም የፓውንዱ ዋጋ ክፉኛ ወርዷል። ዛሬ የተገዛ ሳሙና ሲያልቅ ባለቤቱ በሰበሰበው ገንዘብ ያንኑ ያህል መልሶ መግዛቱን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ መኪና እያጠበ ካፒታሉን ያጥባል። የጥሬ ገንዘብ እጥረቱ ብዙዎችን ባንካክ ወደተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ገፍቷቸዋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን፣ በጥር 2016 ዓ.ም. በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል እንደሆነው፣ የታጠበው መኪና በዱቤ ይሄዳል።

ጦርነቱ ይህን ሁሉ ገለበጠው። በባህሪ የሚገኘው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ። መኪኖች ከየግቢው ተዘረፉ፤ የቀሩትም ጎማና ሞተራቸው ተፈትቶ በየመንገዱ ቆሙ። ባለመኪናው ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅ ወይም ወደ ሌላ ሄደ። በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ከተመለሱት መካከልም በካርቱም በጉልበት ሥራና በአነስተኛ ንግድ ይተዳደሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሠራዊቱ በያዘው በሰሜን ኦምዱርማን፣ በከረሪ አካባቢ፣ ገበያው ከሞላ ጎደል ስለቀጠለ ከሌላው የከተማዋ ክፍል የተፈናቀለ ንግድ ወደዚያ ተሰበሰበ።

የሱዳን ጦር ግንቦት 12/2017 ዓ.ም. የካርቱም ግዛት ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ነጻ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ወር በድሮን የተመቱት የኃይል ማመንጫዎች ግን የውሃ ፓምፖችን አቆሙ። ነዋሪው ያልታከመ ውሃ ለመጠጣት ሲገደድ ኮሌራ ተዛመተ። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጠጥ ውሃ መኪና ማጠብ ከጎረቤት ዓይን አያስወጣም፤ ልጆች ጄሪካን ይዘው በተሰለፉበት ሰፈር የግፊት ማሽን ድምፅ ማሰማት ሕግ ባይከለክለውም ያሳፍራል። የሚሻለው መንገድ የታወቀ ነው፦ ለእጥበት የወንዝ ውሃን ማስቀረርና መጠቀም፣ ዘይት የተቀላቀለበትን እጣቢም በማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይዞ ወደ አባይ እንዳይገባ ማድረግ። ይህ ግን ጉድጓድ፣ ሲሚንቶና ቦታ ይጠይቃል፤ ቦታው ደግሞ የተከራዩት ነው።

በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ካርቱም መመለስ ሲጀምሩ ለሥራው ቀላሉን መንገድ ያገኘው ባልዲ ያለው ነው። ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጄሪካንና ጥቂት ጨርቅ ይበቃዋል፤ ሚኒባስና ባለሦስት እግር ራክሻ ከሚቆሙበት አጠገብ ይቆማል። መኪና ማንሻ፣ ፓምፕና ጀነሬተር የነበረው ባለቤት ግን መጀመሪያ የሚያጣራው ግቢው ውስጥ የተረፈው ምን እንደሆነ ነው። ቀጥሎ የሚያሰላው ለጀነሬተሩ ነዳጅ ይሻላል ወይስ በከተማዋ እየተስፋፋ የመጣውን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ልግዛ የሚለውን ነው። ሰሌዳውም ቢሆን ከሀቡብ በኋላ መታጠብ አለበት።