የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትና የሚዘክራቸው ሰዎች ማንነት

የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ የተጨፈጨፉትን የከተማዪቱን ነዋሪዎች የሚዘክር ሐውልት ነው። ታሪኩን የሚናገረው በስም ዝርዝር ሳይሆን በነሐስ ቅርጽ ነው። ከተማዪቱ ገና የግማሽ ምዕት ዓመት ዕድሜ ነበራትና ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿና ልጆቻቸው እንደነበሩ መገመት አያስቸግርም። እነማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ድርጊቱ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው ማርሻል ሩዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያሰጥ፣ ሁለት ኤርትራውያን ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ። የከተማዪቱ የፋሺስት ፓርቲ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾች የበቀል ፈቃድ ሰጠ፤ ለሦስት ቀን ሰው ተገደለ፣ ጎጆ ከነነዋሪው ተቃጠለ።

ሐውልቱ

የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት ሲሆን ቁመቱ 28 ሜትር ገደማ ነው፤ የቆመውም በ1948 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን አርበኞች በተገኙበት የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል።

የሟቾች ቁጥር

በዚህ ርዕስ ላይ ከሁሉ የበለጠ የተጻፈው ስለ ቁጥሩ ነው፤ ስለ ሰዎቹ ከተጻፈው ይልቅ ብዙ ነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤ ባቀረበው የካሳ ጥያቄ 30,000 ሰው መገደሉን አስታውቋል። የዛሬው የአገር ቤት ንግግርና የበዓል ጽሑፍ የሚከተለው ይህንኑ ነው። የኢጣሊያ ወገን በበኩሉ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ሲሰጥ ኖሯል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ የዓይን ምስክሮችን ቃልና የውጭ አገር ሰዎችን ማስታወሻ በየሰፈሩና በየሰዓቱ አመሳክሮ ሟቾቹን ወደ 19,200 ገምቷል፤ ይህም ከያኔው የከተማዪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

የ30,000ው ቁጥር ለካሳ የቀረበ በመሆኑ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ። ካሳ ጠያቂ መሆን ብቻውን ቁጥርን ሐሰት አያደርግም፤ ሆኖም የጥያቄው ሰነድ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ በዝርዝር አያሳይም። የካምቤል ስሌት ተመራጭ የሚሆነው መንገዱ ስለሚታይና ስህተት ቢኖርበት ሊታረም ስለሚችል ነው። ያም ሆኖ ግምት ነው፤ ከነስሙ የተቆጠረ ሰው አይደለም።

ስማቸው የታወቀ

በሰነድ የሚገኙት በአብዛኛው የተማሩት፣ ዘመድ በውጭ አገር የነበራቸውና ሹማምንት ናቸው። በጣም የሚጠቀሱት በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ወንድማማቾች ዮሴፍና ቢንያም ናቸው። አባታቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ ወታደሮች ተወስደው በሕንድ ያደጉ ሲሆን፣ ልጆቻቸው ሲገደሉ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ወሬው በለንደን ስለተሰማ፣ የሁለቱ ልጆች ታሪክ ከብዙ ሺህ ጎረቤቶቻቸው ታሪክ ይልቅ ተጽፎ ቀረ። አብርሃንና ሞገስን በመኪና ያመላለሰው ስምዖን አደፍርስም ተይዞ ሕይወቱን ያጣ ሲሆን፣ ስሙ የሚታወቀው ከሴራው ጋር በመያያዙ ነው።

ስማቸው ያልተያዘ

ምጽዋት ሊቀበሉ በግቢው የተሰበሰቡት ድሆች የግድያው የመጀመሪያ ሰለባዎች ነበሩ። ከእነሱም በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ወሬ ይነዛሉ ብሎ አሳድኖ አስገድሏል፤ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የሚጠቀሱት በሥራቸው እንጂ በስማቸው አይደለም። ማሲንቆ መቺው በመዝገብ የገባው «አዝማሪ» ተብሎ ብቻ ነው።

የስም ፍለጋው ችግር

በአገራችን ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። በተዝካር መዝገብ «ወለተ ማርያም» የተባለችው ሴት በሰፈሯ በሌላ ስም ትጠራ እንደነበር የሚያውቅ ቤተሰብ ካልተገኘ ሁለቱን ማገናኘት አይቻልም። ወንዶቹም በአባት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም ስለማይጠሩ፣ አንድ ቤት ውስጥ የሞቱ አያትና የልጅ ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ። ኢጣሊያኖች በላቲን ፊደል የጻፉት ስም ደግሞ አንዳንዴ ከሦስት የተለያዩ የአማርኛ ስሞች ጋር ይስማማል። ስለዚህ አጥኚው ሰነድና አፈ ታሪክ ጎን ለጎን መያዝ አለበት፦ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የአዛውንት ቃል። እንዲህ ያለ ሰነድ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ቦምቡ በተጣለበት በዚያው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ምስክሮች

የሃንጋሪው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ያየውን በኋላ በውጭ አገር አሳትሟል። ከአማርኛ ምስክሮች ጎጃም የተወለደው ደራሲ ተመስገን ገብሬ ተጠቃሽ ነው፤ «ሕይወቴ» የተሰኘው ግለ ታሪኩ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2001 ዓ.ም. ታትሟል።

ግዞተኞች

ከጭፍጨፋው የተረፉ ብዙዎች ወደ ኢጣሊያ፣ በቀይ ባሕር ወዳለችው ኖኩራ ደሴትና በሶማሊያ ወደሚገኘው የዳናኔ ማጎሪያ ተግዘዋል። ከግዞተኞቹ አንዱ የነበሩት ሚካኤል ተሰማ በሰጡት ቃል፣ ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች መካከል 3,175ቱ እዚያው ሞተዋል።