ትንሽ አገር በትልልቆች መካከል፦ ሲሸልስ፣ ካምፓላና እኛ



ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ ስናዘጋጅ ስለ አክሱም ወይም ስለ ዓድዋ መጻፍ ይቀለን ነበር። እነዚህን ግን ልጆቻችን ከወላጆቻቸውም ከመጻሕፍትም ያገኟቸዋል። እኛ የመረጥነው እዚህ ካምፓላ ተወልደው ለሚያድጉት ልጆቻችን የሚኖሩባትን ከተማ፣ የወላጆቻቸውን አገርና የቀረውን አፍሪካ በአንድ ክር የሚያያይዝ ታሪክ ነው። ይህም የሲሸልስ የውጭ ግንኙነት ታሪክ ነው። ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 115 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። የየብስ ስፋቷ 460 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሕዝቧም ከመቶ ሺህ ብዙ የማይበልጥ ነው። እዚህ ካምፓላ ውስጥ የማኪንዴ ክፍለ ከተማ ብቻውን ከእርሷ ይልቅ ብዙ ሰው ይኖርበታል። ታዲያ እንዲህ ያለች ትንሽ አገር ለምን ታስፈልገናለች ለሚል አንባቢ መልሱን ከዚሁ ከቅርባችን ከካሱቢ እንጀምርለት። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከካሱቢ ኮረብታ እስከ ማሄ ደሴት

ካሱቢ ላይ የሚገኘውን የቡጋንዳ ነገሥታት መካነ መቃብር፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ይዘን ሄደን የምናሳየው ቦታ ነው። በማርች 2010 በእሳት የጋየው ትልቁ የሣር ክዳን ቤት እንደገና ተሠርቶ፣ በ2023 ዩኔስኮ ቦታውን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አውጥቶታል። በዚያ ካረፉት አራት ነገሥታት አንዱ ዳግማዊ ምዋንጋ ነው። ምዋንጋ ግን የሞተው ካምፓላ ላይ ሳይሆን በሲሸልስ ደሴቶች በግዞት እያለ ነበር።

ምዋንጋ በ1884 የነገሠ ወጣት ንጉሥ ሲሆን ስሙ ከናሙጎንጎ ሰማዕታት ጋር አብሮ ይነሣል። በ1897 በእንግሊዞች ላይ አምፆ ተሸነፈና ወደ ጀርመኖች ግዛት ሸሸ። በእርሱ ቦታም የአንድ ዓመት ሕፃን ልጁ ዳውዲ ቿ ነገሠ። ምዋንጋ ከዚያ በኋላ ከቡንዮሮው ንጉሥ ከካባሌጋ ጋር ገጠመ። ቡጋንዳና ቡንዮሮ የቆዩ ባላንጣዎች ስለነበሩ ይህ ኅብረት የዘገየ ኅብረት ነበር። በኤፕሪል 1899 ሁለቱም አንድ ላይ ተያዙ። መጀመሪያ ወደ ኪስማዩ፣ ከዚያም በ1901 ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። ምዋንጋ በ1903 እዚያው አረፈ፤ አስከሬኑም በ1910 ተመልሶ ካሱቢ ተቀበረ። ካባሌጋ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በግዞት ቆይቶ በ1923 እንዲመለስ ቢፈቀድለትም ቡንዮሮ ሳይደርስ ጂንጃ አጠገብ አረፈ። የጂንጃን መንገድ የምንመላለስበት ሰዎች ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

እነዚህ ሁለቱ ብቻ አልነበሩም። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔህ ከ1900 እስከ 1924 በዚያው በማሄ ደሴት ታስሮ ኖሯል። የግብፁ የነጻነት መሪ ሳድ ዛግሉል በ1922፣ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስም በ1956 ወደዚያው ተልከዋል። ሲሸልስ ከዓለም ጋር የተዋወቀችው በአብዛኛው የሌላ አገር መሪዎች ማረፊያ እስር ቤት ሆና ነው ማለት ይቻላል። ጉዳዩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1937 ብዙ የኢትዮጵያ መኳንንትን ከነቤተሰቦቻቸው ወደ አዚናራ ደሴት አግዟል፤ ልዑል ራስ እምሩም በፖንዛ ደሴት ታስረዋል። ቅኝ ገዥዎች የአንድን ሕዝብ መሪ ከሕዝቡ ለመለየት ሲፈልጉ ከባሕር የጠነከረ አጥር አላገኙም ነበር።

ባንዲራ የሚያፈራርቀው ገዥ

ሲሸልስ ቀድሞ ሰው የማይኖርባት ነበረች። ፈረንሳዮች በ1756 የእኛ ናት አሉ፤ በ1770 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎችና ባሮች አመጡ። በ1794 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በመጡ ጊዜ የፈረንሳይ ገዥ የነበረው ኬኖ ደ ኬንሲ ሊዋጋ የሚችልበት ጦር አልነበረውም። ስለዚህ ተደራደረና የሰዎቹ ንብረት እንዲከበር ተስማምቶ እጁን ሰጠ። እንግሊዞች ግን ደሴቶቹን የሚይዝ ጦር ሳይተዉ ሄዱ። እርሱም መርከቦቹ ከዓይን ሲርቁ የፈረንሳይን ባንዲራ መልሶ ሰቀለ። የእንግሊዝ መርከብ ሲመጣ ያወርዳል፣ ሲሄድ ይሰቅላል። እንዲህ እያለ ስምምነቱን ደጋግሞ አሳደሰ። የደሴቶቹ መርከቦችም እጅ መስጠታቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ ሁለቱ ኃያላን በሚዋጉበት ባሕር ላይ በሰላም ይነግዱ ነበር።

በ1814 በፓሪስ ውል ሲሸልስ ለእንግሊዝ ስትሰጥ ያው ሰው በአዲሱ ገዥ ሥር ዳኛ ሆኖ ቀጠለ። ይህን አንዳንዱ ብልህነት፣ አንዳንዱ ደግሞ አቋም ማጣት ይለዋል። እኛ ግን አንድ ነገር እናክልበት። በዚያ ዘመን የተጠበቀው ንብረት ሲባል ባሮችንም ይጨምር ነበር። ስለዚህ ድርድሩ ያዳናቸው ሁሉንም የደሴቶቹን ነዋሪዎች አልነበረም። ዛሬ የሲሸልስ ሕዝብ በአብዛኛው የእነዚያ ባሮች ዘር ነው። የፈረንሳይን ቃል ከሌሎች ጋር አዋሕዶ የራሱን የክሪዮል ቋንቋ የፈጠረውም ይኸው ሕዝብ ነው።

ነጻነትና የኃያላን ፉክክር

ሲሸልስ ነጻ የወጣችው ጁን 29 ቀን 1976 ነው። ነጻነቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ እንግሊዝ በ1965 አልዳብራ፣ ፋርኳርና ዴሮሽ የተባሉትን ደሴቶች ከሲሸልስ ቆርሳ፣ የቻጎስ ደሴቶችን ደግሞ ከሞሪሸስ ቆርሳ አዲስ ግዛት መሥርታ ነበር። ሦስቱ የሲሸልስ ደሴቶች በነጻነቱ ዕለት ተመለሱ። የቻጎስ ነዋሪዎች ግን በዲዬጎ ጋርሲያ ለተሠራው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ሲባል ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሸልስ ተጣሉ። ስደት ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ማኅበረሰብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ማንቻም ሥልጣን ላይ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በጁን 1977 ለኮመንዌልዝ ስብሰባ ለንደን እንዳሉ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የነበሩት ፍራንስ አልበር ሬኔ መንግሥቱን ያዙ። የሬኔ መንግሥት ሶሻሊስት ነኝ ይል ነበር፤ ከታንዛኒያ ወታደራዊ ድጋፍ ያገኝ ነበር፤ የሶቪየት የጦር መርከቦችንም በወደቡ ያስተናግድ ነበር። ሆኖም አሜሪካ ከ1963 ጀምሮ በማሄ ተራራ ላይ የተከለችውን የሳተላይት መከታተያ ጣቢያ አላባረረም። ኪራዩን እየተቀበለ እስከ 1996 አቆየው። በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ የሁለቱም ጎራ ሰዎች ይገኙ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ግን ከአደጋ አላዳናትም። ኖቬምበር 25 ቀን 1981 ማይክ ሆር በሚባል ቅጥረኛ የሚመሩ ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች የቢራ ጠጪዎች ክበብ ጎብኚዎች መስለው በስዋዚላንድ አውሮፕላን ማሄ አረፉ። መሣሪያቸው በሻንጣቸው ውስጥ ተደብቆ ነበር። የጉምሩክ ፈታሽ አንዱን ሻንጣ ሲከፍት ጠመንጃ አገኘና አውሮፕላን ማረፊያው የጦር ሜዳ ሆነ። ቅጥረኞቹም እዚያ ያረፈ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ደርባን ሸሹ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አንድ ወር ሳይሞላ የመርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ያቺን አገር በዚያ ዕለት ያዳናት ታንክ ወይም የጦር አውሮፕላን ሳይሆን ሥራውን በትክክል የሠራ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ወንበር

ትንሽ አገር ብቻዋን ስትቆም ድምፅዋ አይሰማም። ለዚህም ነው ሲሸልስ ነጻ በወጣችበት በ1976 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል የሆነችው። ድርጅቱ በሜይ 1963 በ32 አገሮች በአዲስ አበባ ሲመሠረት ሁሉም አባል አገሮች እኩል ናቸው የሚለውን በቻርተሩ አስፍሯል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ አንድ ወንበር አላት፤ ሲሸልስም አንድ ወንበር አላት። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ሲተካውም ይህ አልተለወጠም።

ካምፓላም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ድርጅቱ ሲሸልስ ነጻ ከመውጣቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 1975፣ የመሪዎቹን ጉባኤ ያደረገው እዚህ ነበር። ኬፕ ቨርዴ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ እንዲሁም ኮሞሮስ ነጻነታቸውን ያወጁት በዚያው ወር ነው። የአፍሪካ ትንንሽ ደሴቶች በአህጉሩ ጠረጴዛ ዙሪያ በብዛት ቦታ መያዝ የጀመሩት እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው።

በጁላይ 2010 ኅብረቱ እንደገና ካምፓላ፣ ሙንዮንዮ ላይ ተሰበሰበ። ያንን ወር ከእኛ መካከል የሚረሳው የለም። ጁላይ 11 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሚታይበት ምሽት አልሸባብ በካባላጋላ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትና በኪያዶንዶ የራግቢ ሜዳ ባደረሰው የቦምብ ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ኡጋንዳ ከ2007 ጀምሮ ሰላም አስከባሪ ወደ ሶማሊያ ልካ ነበር። የአንድ አገር የውጭ ጉዳይ የሚኒስትሮች ወሬ ብቻ አለመሆኑን፣ ቤታችን ድረስ እንደሚመጣ ያን ዕለት አይተናል።

ባሕሩ ሀብትም ስጋትም ሲሆን

የሶማሊያ መፍረስ በውቅያኖሱ ላይም መዘዝ ነበረው። ከ2009 ጀምሮ የባሕር ላይ ወንበዴዎች እስከ ሲሸልስ ውኃ እየዘለቁ መርከቦችን ያግቱ ጀመር። ከዓሣና ከጎብኚዎች በቀር ብዙ መተዳደሪያ ለሌላት አገር ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ሲሸልስ ሁሉንም በር አንኳኳች። ሕንድ ቀድሞ በ2005 የሰጠቻት ቶፓዝ የተባለች የጥበቃ መርከብ ነበረቻት፤ ከቻይና የቅኝት አውሮፕላኖች፣ ከሕንድም ሌላ አውሮፕላን አገኘች፤ ከአውሮፓ ኅብረትና ከአሜሪካ ጋርም ተባበረች። በምላሹም ሌሎች የሸሹትን ሸክም ተሸከመች። ሕጓን አሻሽላ በውቅያኖሱ ላይ የተያዙትን ወንበዴዎች በራሷ ፍርድ ቤት ዳኘች። ቀድሞ የሌላ አገር ነገሥታት በግፍ የታሰሩባት ደሴት፣ አሁን በሕግ የሚዳኝባት ቦታ ሆነች።

ሌላው ብልሃቷ ባሕሩን መሬት አድርጋ መቁጠሯ ነው። በ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ሲሸልስ የምታዝዝበት የባሕር ክልል ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ካላት ከኢትዮጵያ ይሰፋል፤ የኡጋንዳንም ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። የውጭ መርከቦች ቱና የሚያጠምዱት በፈቃድና በክፍያ ነው። በ2016 ደግሞ ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የውጭ ዕዳዋን ባሕሯን ለመጠበቅ ቃል በመግባት እንዲለወጥ ተስማማች፤ በ2018ም ለዚሁ ዓላማ የ15 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ኢትዮጵያም ኡጋንዳም ባሕር በር የሌላቸው አገሮች ናቸው። አንዷ በጂቡቲ፣ ሌላዋ በሞምባሳ በኩል ዕቃዋን ታስገባለች። ሲሸልስ ደግሞ ከባሕር በቀር ሌላ የላትም። ሆኖም ሦስቱም ያለ ጎረቤት መኖር አይችሉም።

ለእኛ ለማኅበራችን ግን ትምህርቱ ከዚህም ይቀርባል። እኛም በካምፓላ ትንሽ ደሴት ነን። በቁጥር ጥቂት ነን፤ በሌላ ሰው አገር፣ በሌላ ሰው ሕግ ሥር እንኖራለን። ከሲሸልስ ታሪክ ሦስት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ትንሽ የሆነ ከአንድ ኃያል ጋር ብቻ መወዳጀት አያዋጣውም፤ ከሁሉም ጋር በሰላም መኖር ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ ጉልበት የሌለው ሰው መከታው ሕግና ሰነድ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ የንግድ ፈቃዳችንንና የልጆቻችንን የልደት ምስክር ወረቀት አስተካክለን መያዝ ለሲሸልስ የባሕር ሕግ የሆነላትን ያህል ይሆነናል። ሦስተኛ፣ እንግዳ የሚከበረው ሸክም ሲያግዝ ነው። ለጎረቤት ለቅሶ የሚደርስ፣ ለሰፈሩ ጉዳይ የሚያዋጣ ሰው ባዕድ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ምዋንጋና ካባሌጋ የተባበሩት ሁለቱም ከተሸነፉ በኋላ ነበር። ቀድመው ቢተባበሩ ኖሮ ታሪኩ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ተለያይተው ሳሉ ግን ማሸነፍ ቀላል እንደነበር የታወቀ ነው። ማኅበራችን ዓመታትን ያስቆጠረው በዘርና በፖለቲካ ሳይከፋፈል እድርተኛው አብሮ ስለቀበረ፣ አብሮም ስለዳረ ነው። ይህን ለመጠበቅ ችግር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ካሱቢ ውጡ። የዚህች አገር ንጉሥ በሩቅ ደሴት እንዴት እንደ ሞተ፣ የእነርሱም ቅድመ አያቶች በሌላ ደሴት እንዴት እንደ ታሰሩ ንገሯቸው። የኡጋንዳን ታሪክ የሰው ታሪክ ብለው እንዳይተዉት፣ የራሳቸውንም እንዳይረሱ ያደርጋቸዋል።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን። እግዚአብሔር ኢትዮጵያንና ኡጋንዳን ይባርክ።