የጀጎል ቤትና ነዋሪው

ስለ ሐረር ከተማ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከግንቡ ይጀምርና በሮቹን ሳያልፍ ያበቃል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1535 ዓ.ም. ከወደቁ በኋላ ከተማይቱን የመከላከል ኃላፊነት የወደቀባቸው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያሠሩት ግንብ ዛሬም 48 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የጀጎልን ምድር ከቦ ቆሟል። ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሐረሪዎች አሱም፣ አርጎብ፣ ሱቁጣጥ፣ በድሮና አስመዲን ሲሏቸው፣ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ፈላና፣ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳና ሸዋ በር በመባል ይታወቃሉ። ከተማይቱም እንደ በሮቿ በአምስት ሰፈር ተከፍላለች። ከግንቡ ግርጌ ደግሞ ጅብ በሌሊት ገብቶ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ተትተዋል። ጠላትን ለመከልከል ግንብ ያቆመ ሕዝብ ለጅብ መተላለፊያ መተዉ ለእንግዳ ሰው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል፤ የመንገዱን ጥራጊ ማን እንደሚያጸዳ ለሚያውቅ ሐረሪ ግን እንቆቅልሽ አይደለም።

ይሁንና የሐረር የሥነ ሕንጻ ጥበብ ዋናው ሀብት ከግንቡ ይልቅ በግንቡ ውስጥ ያለው ቤት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ግንቡ ከሌሎች የምሥራቅ ከተሞች ግንብ ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ሐረሪዎች ጌ ጋር፣ ማለትም የከተማ ቤት፣ የሚሉት ግን የእነርሱው የራሳቸው ፍጥረት ነው።

በጠባቡ መተላለፊያ የሚያልፍ መንገደኛ በግራና በቀኝ ከድንጋይ አጥር በስተቀር የሚያየው ነገር የለም። የግቢው በር ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተሰብ የሚጋራው ቅጥር ይገኛል፤ ከቅጥሩ ወደ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ዐይን የሚያርፈው በወለሉ ላይ ነው። ወለሉ አንድ ደረጃ ብቻ አይደለም። ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፦ የአሚር ነደባ፣ ትልቁ ነደባ፣ ትንሹ ነደባ፣ ሱትሪ ወይም ስውሩ ነደባ፣ እንዲሁም ከበሩ በስተጀርባ ያለው ነደባ። ማን በየትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ዕድሜው፣ ክብሩና ከባለቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ወንበርም ሆነ አልጋ ሳያስፈልግ፣ ግንበኛው ገና መሠረቱን ሲጥል የማኅበረሰቡን ሥርዓት በአፈርና በድንጋይ ጽፎ ይጨርሰዋል ማለት ነው። በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መስኮት መሰል ጉድጓዶች መጻሕፍትና ዕቃ ይይዛሉ፤ የቀረው ግድግዳ በሴቶች እጅ በተሰፋ ሰፌድና ሙዳይ ይሸፈናል። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ዕንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል፣ ቂርጣት፣ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፉባት ናት።

ነደባዎቹና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ሐረሪዎች ደም ያስታውሳል ይባላል። ታሪክ ጸሐፊው ይህን አባባል በሰነድ ሊፈትነው ይፈልግ ይሆናል፤ ሆኖም አንድ ሕዝብ ሐዘኑን በየዓመቱ በሚታደስ የቤት ወለል ላይ ማኖሩ ራሱ መመዝገብ የሚገባው ታሪክ ነው።

ከጨለንቆ በፊትም ከተማይቱ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብጾች እጅ ቆይታ ነበር። አሚር አብዱላሂ ድል ከሆኑና ሐረር በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባች በኋላ ግን የቤቱ መልክ ራሱ መለወጥ ጀመረ። ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎችና ግንበኞች ፎቅ፣ ሰገነትና የተቀረጸ የዕንጨት ሥራ ይዘው መጡ፤ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ የኖረው የከተማ ቤት ወደ መንገዱ የሚመለከት ጎረቤት አገኘ። ዛሬ እንግዶች የራምቦ ቤት ብለው የሚጎበኙትም የዚህ ዓይነት ሕንጻ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጥቶ በተለያየ ጊዜ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ቤቱ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ስሙ ቤቱን ከመፍረስ ካዳነው እኛም ስለ ስሕተቱ ብዙ አንወቅሰውም።

ጀጎልን ከሁሉ ይልቅ የጠበቃት ምናልባት ያለፈባት ኪሳራ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ አለፈ፤ ዋናው ንግድም ወደ አዲሲቱ ከተማ ወረደ። በኋላም በኢጣልያ ወረራ ዘመን አዲሱ ሰፈር የተስፋፋው ከግንቡ ውጭ በስተምዕራብ ነበር። ገንዘብ ወዳለበት ቦታ የሄደው አፍራሽ እጅ ጀጎልን ሳይነካት ቀረ። ነጋዴው ያለቀሰበትን ቀን የሥነ ሕንጻ ተመራማሪው ሊያመሰግነው ይችላል።

ቤቱን ከውስጥ የነካው ለውጥ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ከ1940 ዓ.ም. የፖለቲካ እንቅስቃሴና ከተከተለው እስር በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰደዱ። ቀጥሎም በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ይህን አዋጅ በሁለት ዐይን ማየት ያስፈልጋል። ኪራይ እንዲቀንስ በማድረጉ ለድኻው ተከራይ እፎይታ ሰጥቷል፤ መጠለያ ያልነበረው ሰው መጠለያ አግኝቷል። ቤቱ ግን ጠባቂ አጣ። ኪራዩ በጣም አነስተኛ የሆነ ቤት በቀበሌ ሥር ሲተዳደር ለጣራውና ለግድግዳው የሚተርፍ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለአንድ ቤተሰብ የታቀደው ቤት ለብዙ ቤተሰብ ሲታደል ነደባዎቹ በግድግዳ ይቆረጣሉ። የአሚር ነደባ ከትልቁ ነደባ በብሎኬት ሲለይ፣ ማንም ሰው ክፉ ነገር ሳያስብ፣ የቤቱ ሰዋስው ይጠፋል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሌላው ችግር የሲሚንቶ ነው። የጌ ጋር ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ሲሆን ልባሱ ኖራ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም በኖራው በኩል መልሶ ያተነዋል። በሲሚንቶ ሲመረግ ግን ውሃው መውጫ ያጣል፤ ከግርጌው ጀምሮ ጭቃው ይሟሟል፤ በመጨረሻም ምርጊቱ ሲወድቅ የግድግዳውን አካል ይዞ ይወድቃል። ጠፍጣፋው የአፈር ጣራም እንዲሁ ነው፦ ዝናብ ባለፈ ቁጥር መጠቅጠቅ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የመረጠውን ነዋሪ አላዋቂ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በየዓመቱ ከሚመለስ ድካምና ወጪ ለመዳን የመረጠው መንገድ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶቿና 102 የቅዱሳን መካናት ተቆጥረዋል፤ ለቅርሱ ያሰጋሉ ከተባሉት መካከልም በብረት የተተኩ የዕንጨት በሮች፣ አዳዲስ ምርጊቶችና በጣራው ላይ የበቀሉ የቴሌቪዥን አንቴናዎች ይገኙበታል። መዝገቡ ክብርን አምጥቷል፤ እንግዳም ያመጣል። አንዳንድ ጌ ጋሮች የእንግዳ ማረፊያ ሆነው ነደባቸው እንደ ጥንቱ ቀይ ተቀብቶ ይታያል፤ ይህም መልካም ነው። እንግዳ የማይገባበት፣ በመተላለፊያው መጨረሻ ያለው የቀበሌ ቤት ግን ለፎቶግራፍ አይመችም። የጥገናው ተራ ከእርሱ ቢጀምር እመርጣለሁ። ግድግዳው በኖራ እንዲለበስ፣ የልዩነቱን ዋጋም ቅርሱን የሚጠብቀው አካል እንዲሸፍነው፤ ነደባውን የቆረጠው ብሎኬት ደግሞ የሚፈርሰው ከጀርባው ለሚኖረው ቤተሰብ በዚያው በግንቡ ውስጥ ሌላ ቤት ከተገኘለት በኋላ እንዲሆን። ያንን ብሎኬት መጀመሪያ አፍርሶ ስለ ነዋሪው በኋላ ማሰብ ርካሽ ነው፤ በሌሎች ከተሞችም ሲደረግ አይተናል።