ሸንጎ የነበረው ቃል

በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ቲንግ» ከተባለው ስም የበለጠ የተናቀ ቃል ማግኘት ያዳግታል። የድርሰት መምህራን ከተማሪ ጽሑፍ ላይ ይሰርዙታል፤ ትክክለኛው ስም የጠፋበት ሰው ሁሉ ይጠራዋል። ድንጋዩም፣ ሐሳቡም፣ ችግሩም በእርሱ ይጠራል። ብዙ ቁጥር ሲሆን የሰው ጓዝ ወይም የኑሮ ሁኔታ ማለት ነው። «ምስኪን» የሚል ቅጽል ሲቀድመው ለሚታዘንለት ፍጡር ይነገራል። ከአሉታ ቃል ጋር ተጣምሮ «ምንም»ን፣ ከ«ሁሉ» ጋር ተጣምሮ «ሁሉ ነገር»ን ይወልዳል። ሁሉን ተሸካሚ በመሆኑ የራሱ ክብደት የሌለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ዕቃ ከመሆኑ በፊት ሸንጎ ነበር።

በጥንት ጀርመናውያንና ስካንዲኔቪያውያን ዘንድ «ቲንግ» ማለት ነጻ ሰዎች በታወቀ ቀንና በታወቀ ስፍራ ተሰብስበው ሕግ የሚያወጡበትና ጠብ የሚዳኙበት ጉባኤ ነው። በእንግሊዝ ምድርም፣ በ7ኛው ምእት ዓመት የኬንት ነገሥታት የነበሩት ሎትሄርና ኤድሪክ ባወጡት ሕግ ውስጥ ቃሉ ይህንኑ የዳኝነት ስብሰባ ያመለክታል።

የጉባኤው ታላቅ ምሳሌ ግን አይስላንድ ናት። በ930 (እ.ኤ.አ.) የደሴቲቱ ሰፋሪዎች «አልቲንግ» የተባለውን የመላው ሕዝብ ጉባኤ አቋቋሙ። ቦታው «ቲንግቬሊር» ይባላል፤ የጉባኤ ሜዳ ማለት ነው። ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ሕጋቸውም ገና በጽሑፍ አልሰፈረም። ስለዚህ ለሦስት ዓመት የሚመረጥ አንድ «ሕግ ነጋሪ» በየበጋው «የሕግ ዐለት» በተባለው ድንጋይ ላይ ቆሞ የሕጉን አንድ ሦስተኛ በቃሉ ለሕዝቡ ያሰማ ነበር። ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ሕጉ በሙሉ ተነግሮ ያልቃል። ጽሕፈቱ የተጀመረው በ1117 ክረምት ነው።

በ1000 ዓመት ገደማ ይህ ጉባኤ ሊፈርስ ተቃረበ። ክርስቲያኖቹና የጥንቱን አማልክት አምላኪዎቹ በአንድ ሕግ አንተዳደርም ተባባሉ፤ ጦር ለመማዘዝ ጥቂት ቀራቸው። ነገሩን እንዲቆርጥ የተሰጠው ሕግ ነጋሪው ቶርጌር ራሱ የጥንቱን እምነት የያዘ ሰው ነበር። ከዳሱ ገብቶ ካባውን ተከናንቦ ተኛ፤ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ቆየ። በማግስቱ ተነሥቶ ሕዝቡን ሰበሰበና ሕግ የተከፈለ ቀን ሰላምም አብሮ እንደሚከፈል አስረዳ። ከዚያም ሁሉም ይጠመቅ፣ በስውር ለሚሠዋ ግን ቅጣት አይኑር ሲል ፈረደ። በእምነት የተፋጀ ሕዝብ በሞላበት ዓለም፣ ሁለቱም ወገኖች ፍርዱን ተቀብለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

እንግዲህ ሸንጎው እንዴት ዕቃ ሆነ? መንገዱ አጭር ነው። በመጀመሪያ ጉባኤው «ቲንግ» ተባለ፤ ቀጥሎ በጉባኤው የሚነሣው ጉዳይ በዚያው ስም ተጠራ፤ ከዚያም ማናቸውም ጉዳይ፣ በመጨረሻም እጅ የሚዳስሰው ግዑዝ ሁሉ። እንግሊዝኛ ብቻውን በዚህ መንገድ አልሄደም። በላቲን «ካውሳ» የፍርድ ቤት ሙግት ጭምር ነበር፤ ልጆቹ ጣሊያንኛው «ኮሳ»ና ፈረንሳይኛው «ሾዝ» ዛሬ «ነገር» ማለት ናቸው።

የጥንቱ ፍቺ ከእንግሊዝኛው «ቲንግ» ቢጠፋም በዘመዶቹ ዘንድ አለ። የኖርዌይ ምክር ቤት «ስቱርቲንግ»፣ የዴንማርክ ደግሞ «ፎልኬቲንግ» ይባላል። አይል ኦፍ ማን በተባለችው ደሴት፣ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ፣ የአዳዲስ ሕጎች አርእስት በአደባባይ ጉብታ ላይ በእንግሊዝኛና በጥንቱ የማንክስ ቋንቋ ይነበባል፤ ጉባኤውም «ቲንዋልድ» ይባላል። እንግሊዝኛም ቢሆን ቅሪቱን «ሃስቲንግስ» በተባለ ቃል ውስጥ ደብቆታል፦ በመነሻው የአንድ ጌታ የቤት ጉባኤ፣ በኋላ የለንደን ፍርድ ቤት፣ እስከ 1872 ድረስ የፓርላማ እጩዎች በሕዝብ ፊት የሚቀርቡበት መድረክ፣ ዛሬ የምርጫ ክርክር። አይስላንዳውያንም ሰኔ 1944 ላይ ሪፐብሊካቸውን ለማወጅ ወደዚያው ወደ ቲንግቬሊር ተመልሰው፣ በዝናብ ውስጥ ቆመው አወጁ።

የአማርኛ አንባቢ በዚህ ታሪክ እምብዛም ላይደነቅ ይችላል፤ የእኛው «ነገር»ም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟልና። ግንዱ «ነገረ» ነው፤ እንግሊዝኛው ሰዎች ከተቀመጡበት ስፍራ ሲነሣ የእኛው ከአፋቸው ተነሣ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ስንል ንግግር ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ጠበቃ «ነገረ ፈጅ» ስንል ሙግት ነው፤ «ያን ነገር አቀብለኝ» ስንል ዕቃ ነው። ሦስቱም ፍቺዎች እስከ ዛሬ አብረው ይኖራሉ፤ በዚህ ረገድ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ትዝታው የጠና ነው።

ነገር ግን እኛም የከሰርነው አለ። «ነገረኛ»፣ «ነገር ፈላጊ»፣ «ነገር ሠሪ» የሚሉትን ቃላት ልብ ይሏል። እንግሊዝኛ ሸንጎውን ዝም ያለ ዕቃ አደረገው፤ እኛ ደግሞ ንግግሩን ወደ ጠብ አዘነበልነው። ቶርጌር ካባውን ተከናንቦ ያደረበት ነገር ዕቃም ጠብም አልነበረም፤ የተለያዩ ሰዎች በአንድነት ሊሸከሙት የሚገባ ጉዳይ ነበር። ቃሉን በዚህ ፍቺው ለመጥራት ግን አስቀድሞ አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል።