ደጋው አየርና የመኪና ሞተር

በትምህርት ቤታችን ግቢ ጥግ ሞተሩ የወለቀ የአሮጌ ፒክአፕ ሻንሲ ቆሞ ይገኛል። የመካኒክ ክበባችን ይህን መኪና እንዲያስነሣ ወላጆቻችን ገንዘብ አዋጥተውልናል። ገንዘቡም የሚበቃው ላገለገለ አንድ ሞተር ብቻ ስለ ሆነ፣ ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለንም። ከመካከላችን ገሚሱ «ትንሽ ሞተር ከነቱርቦው» ሲል ገሚሱ «ትልቅ ሞተር ያለ ቱርቦ» አለ። ክርክሩ ስለ በረታ መምህራችን፣ መኪና ወደ ደጋው እንዴት እንደ ወጣ ታሪኩን አስቀድመን እንድናነብ አዘዙን። ያነበብነውንም ከዚህ በታች እንጽፋለን።

ሞተር እንደ ሰው አየር ይስባል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በ2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አራት እጅ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። ጭነት የበዛበት ካምዮን በዓባይ በረሃ የደጀንን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው፣ ብዙ ጊዜ ናፍታው በቂ አየር አጥቶ በደንብ ስለማይቃጠል ነው። ውሃም ቢሆን በ2,000 ሜትር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና የራዲያተሩ ክዳን የላላ እንደ ሆነ ወዮለት።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ የቀረበው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያመጣውም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። የሚያስደንቀው ነገር፣ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ የቱርቦን አሳብ በፓተንት ያስመዘገበው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1898 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አሳቡም ቀላል ነው፤ ከንቱ የሚወጣው ጭስ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፣ መዘውሩም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አውጥቶ ፈተነው። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ይህን ስናነብ የቱርቦ ወገኖች አጨበጨቡ።

ነገር ግን የጎጃም ታሪክ ሌላም ነገር ያስተምራል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ ካምዮኖቹን ያስቸገራቸው የአየር መሳሳት ሳይሆን ቁጥቋጦውና ገደሉ ነበር። አብዛኛውን ስንቅና ጥይት የተሸከሙት በሺሕ የሚቆጠሩ ግመሎች ናቸው፤ እነርሱም ብዙዎቹ በመንገድ አለቁ። ቡሬ በየካቲት ከኢጣሊያኖች እጅ ወጣች፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያኔ የተፈለገው የሞተር ጉልበት ሳይሆን መንገድ ነበር።

መንገዱ ከተሠራ በኋላ ደግሞ አባቶቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 መጣ። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከ11 ሊትር በላይ የሆነ የናፍታ ሞተር ነው፤ ቱርቦም የለውም። ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ ደጋውን ሲወጣ ጉልበቱ መቀነሱ አልቀረም፤ ሆኖም ሞተሩ ትልቅ ስለ ነበረ የቀረው ጉልበት ይበቃው ነበር። ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቢበላሽም በመንገድ ዳር ይጠገናል። በከተማችን ያነጋገርናቸው አንድ አዛውንት ሾፌር የኤንትሬን ነገር ሲያነሡ ስለ ፍጥነቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ያወሩን ስለ መፍቻ ብቻ ነው።

የቱርቦ ችግር እዚህ ላይ ነው። የትንሽ መኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ100 ሺሕ ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ዘንጉንም የሚሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ዘንጉ ይበላል። ዳገት ወጥቶ የጋለ ሞተር ወዲያው ቢጠፋም ዘይቱ እዚያው ተቃጥሎ ይረጋል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ጥቂት ደቂቃ ሳያጠፋ መታገሥ አለበት። ዛሬ አዳዲሶቹ የጭነት መኪናዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ቱርቦ አላቸው፤ ይህንም አንክድም።

ለእኛ የቀረቡልን ሁለት የቶዮታ የናፍታ ሞተሮች ናቸው፤ አንደኛው 2.4 ሊትር ከነቱርቦው፣ ሁለተኛው 2.8 ሊትር ያለ ቱርቦ። በቆላ ሁለቱም 90 የፈረስ ጉልበት አካባቢ አላቸው። በእኛ ከፍታ ግን ሁለተኛው ወደ 73 ይወርዳል። ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም። ቢሆንም መኪናችን የሚመላለሰው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ እንዲሁም በጃቢ ጠህናን ገጠር ነው፤ ጭነቱም በቆሎና የትምህርት ቤት ወንበር ነው። የዓባይን በረሃ አይሻገርም። ያገለገለ ቱርቦ ደግሞ ቢሞት ሌላ የምንገዛበት ገንዘብ የለንም።

ድምፅ ሰጥተን ባለ 2.8 ሊትሩ አሸነፈ። የተሸነፉት ጓደኞቻችን ግን በጭስ ማውጫው በኩል ለቱርቦ የሚበቃ ቦታ እንዲተው በቃለ ጉባኤ አስመዝግበዋል። በሚመጣው ቅዳሜ ሞተሩን ለማየት እንሄዳለን፤ መጀመሪያም አስነሥተን፣ የዘይቱን ክዳን ከፍተን፣ ጭስ ይወጣ እንደ ሆነ እንመለከታለን።