ከወደብ በፊት የነበረው ዳርቻ



እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ የተቀመጥነው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው። «ጠለል» የምንለው ግን ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ለዓመታት ተለክቶ የተገኘ አማካይ ነው፤ ከፍታችንን የምንቆጥረው ውኃ ከሚለብሰውና ከሚራቆተው ከዚያ ጠባብ መሬት ነው። ስለ ባሕር ስንጽፍ ግን የምናነሣው ወደብን ብቻ ነው፦ ማን ያዘው፣ ማን አጣው። የእኔ ሙግት ታሪኩ ከወደብ በፊት፣ ከዚያ መሬት ይጀምራል የሚል ነው።

የዙላን ባሕረ ሰላጤ እንውሰድ፤ ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ ነው። በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የውኃ ልዩነት አንድ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ዳርቻው ለጥ ባለበት ስፍራ ሰፊ መሬት ይገለጣል። ኦይስተር ቅርፊቱን ገጥሞ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ሸርጣን ጉድጓዱ ይገባል፤ ለሰው ደግሞ ያለ ጀልባና ያለ መረብ ምግብ የሚለቀምበት ሰዓት ነው። በባሕረ ሰላጤው ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አብዱር ላይ፣ 125,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የኮራል ድንጋይ ውስጥ የእጅ መጥረቢያዎችና የባልጩት ስለቶች ከኦይስተር ቅርፊቶች ጋር ተገኝተዋል፤ ግኝቱ በ2000 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ። መሣሪያና ቅርፊት አብረው መገኘታቸው ብቻ መበላታቸውን አያረጋግጥም። ሰው ከውኃው ዳር መዋሉን ግን ያሳያል።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ አዱሊስ አለ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የመርከበኞች መምሪያ፣ «ፔሪፕለስ»፣ መርከቦች ቀድሞ የሚቆሙት ለየብስ በቀረበች፣ ዲዮዶሮስ በተባለች ደሴት እንደነበር ይነግረናል። በእግር ይደረስባት ስለነበር የአገሩ ሰዎች አጠቋት፤ ነጋዴዎቹም መልሕቃቸውን ራቅ ወዳለች ደሴት አዛወሩ። ጽሑፉ የውኃውን ሽሽት በስም አይጠራም፤ እኔ ግን ያን የእግር መንገድ ሳነብ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይታየኛል። ዳርቻውን በእግሩ የሚያውቅ ሕዝብ የባሕር ማዶ ነጋዴዎችን መልሕቅ አስነሣ ማለት ነው!

በደጋውስ? የእናቶቻችን አንቀልባ በዛጎል ያጌጠ ነው፤ አገልግሉም እንዲሁ። ይህች ነጭ ዛጎል በሞቃት ባሕሮች፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ከድንጋይና ከኮራል ሥር ተሸሽጋ የምትኖር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ናት፤ ሰው የሚለቅማትም ውኃው ሲሸሽ ነው። ከለቃሚው እጅ እስከ ግመል ነጋዴው፣ ከዚያም እስከ መርካቶ የመጣችበትን መንገድ በወጉ አልጻፍነውም። አንቀልባቸውን ያስቀመጡ አዛውንት ግን በዚሁ ሰፈራችን አሉ፤ ዛጎሉን ከማን፣ በስንት እንደ ገዙ ዛሬ ሊነግሩን ይችላሉ።