ራም ላይ ብቻ የተቀመጠ ከተማ

በፈረንጆቹ ጁላይ 2008 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አስተዳደር ግራ የሚያጋባ ችግር ገጠመው። ኔትወርኩ ደህና ይሠራል፣ ኢሜይሉም ይሄዳል። ዋና ዋናዎቹ ራውተሮች ውስጥ ግን ማንም መግባት አይችልም። ፓስወርዱን የያዘው አንድ ሰው፣ ቴሪ ቻይልድስ፣ ታስሯል። ዋስትናው ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላር!

ቻይልድስ ፋይበርዋን የሚባለውን የከተማዋን ኔትወርክ የሚያስተዳድር መሐንዲስ ነበር። አለቆቹ ፓስወርድ ሲጠይቁት፣ ለማይመለከተው ሰው አልሰጥም አለ።

ታዲያ ሰብሮ መግባት አይቻልም ወይ? በተለምዶ ይቻላል። የሲስኮ ራውተር ኮንፊጉን ሁለት ቦታ ይይዛል፤ አሁን የሚሠራበት ራም ላይ ነው፣ ሴቭ የተደረገው ኤንቪራም ላይ። አጥፍተህ ታበራዋለህ፣ ሲነሳ ታቋርጠዋለህ፣ የሬጅስተሩን ቁጥር ከ2102 ወደ 2142 ትቀይራለህ። ሴቭ የተደረገውን ዘሎ ያለ ፓስወርድ ያስገባሃል። ከዚያ የድሮውን ኮንፊግ መልሰህ ጭነህ ፓስወርዱን ትቀይራለህ፣ ሬጅስተሩንም ወደ ቦታው ትመልሳለህ። እኔም የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ፓስወርድ ሳይሰጥ ስለሄደ፣ ኮንሶል ኬብል ተውሼ እንዲሁ ነው የገባሁት። ኮንፊጉ ኤንቪራም ላይ ባይኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ሌላ ቅጂ አልነበረም።

ቻይልድስ ግን የአንዳንዶቹን ኮንፊግ ራም ላይ ብቻ ነበር ያስቀመጠው። መብራት ከጠፋ ኮንፊጉም አብሮ ይጠፋል። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ይሄንኑ የፓስወርድ ማስመለሻ መንገድ ዘግቶታል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ይገባኛል፤ እኔ የገባሁበት በር ራውተሩን በእጁ ለነካ ሌባም ክፍት ነው። ግን ሌላ ሰው ሊከፍተው የሚችል ባክአፕ ሳያስቀምጡ በሩን መዝጋት ጥበቃ አይመስለኝም።

ጁላይ 21 ከንቲባው ጋቪን ኒውሰም ራሳቸው እስር ቤት ሄደው ፓስወርዱን ተቀበሉ። ቻይልድስ በ2010 ጥፋተኛ ተብሎ 4 ዓመት ተፈረደበት።

ይሄን ታሪክ ያነበብኩ ቀን የራሴን ቆጠርኩ። የሦስት ራውተሮችን ፓስወርድ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ባክአፑም ላፕቶፔ ላይ ነው፣ የላፕቶፑ ፓስወርድም ያው እኔው ጋ። በማግስቱ ኮንፊጎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ ፓስወርዶቹን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጃችን ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንድ ቀን ባልመጣ ብዬ ነው።»

ፖስታውን ገልብጠው አዩትና፣ «ልትለቅ ነው እንዴ?» አሉኝ።